ዝናብ ሳይዘንብ የራሰ ፍራሽ

ከባሌ ተራሮች የጉዞ ማስታወሻ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ጣራቸው ላይ ጠፍጣፋ ሣጥን ወይም በሸራ የተጠቀለለ ትልቅ ጭነት የተሸከሙ የገጠር መኪናዎች አልፎ አልፎ ይታያሉ። አላፊ አግዳሚው ዕቃ የጫኑ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ዕቃ ሳይሆን መኝታ ቤት ነው። መኪናው ቆሞ የሸራው ማሰሪያ ሲፈታ ተጣጥፎ የነበረው ወለል እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ ድንኳኑ ይቆማል፤ መሰላል ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከውስጥም ለባልና ለሚስት፣ ጠጋ ጠጋ ከተባለም ለአንድ ልጅ ጭምር የሚበቃ የስፖንጅ ፍራሽ ተነጥፎ ይገኛል።

ይህ የመኪና ጣራ ድንኳን አዲስ ፈጠራ አይደለም። በኢጣሊያ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ለገበያ ሲቀርብ የኖረ ነው። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመንም ትራባንት በምትባለው ትንሽ መኪና ጣራ ላይ ሳይቀር ተሠርቶለት ቤተሰቦች ለዕረፍት ይሄዱበት ነበር። በእኛ አገር በአብዛኛው የሚታየው በአስጎብኚዎች ዘንድ ነው። ከጭቃ፣ ከጉንዳንና ከጅብ ራቅ ብሎ ከፍ ካለ ቦታ መተኛት ልጅ ይዛ ለምትጓዝ እናት እፎይታ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ከመሬት ከፍ ያለ ሁሉ ደረቅ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ከመኪና ጣራ ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ከመሬት ላይ ከተነጠፈው ይልቅ ከሥሩ ሊርስ ይችላል። ይህንን ባለፈው ኅዳር ወር ወደ ባሌ ተራሮች በተደረገ ጉዞ ለመመልከት ተችሏል።

አብረውኝ የተጓዙት አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ናቸው። ወይዘሮዋ በአንድ ማተሚያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ባለቤቷ መምህር ሲሆኑ፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቱ አስም አለባት። መኪናውና ድንኳኑ የባልየው ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱ በአስጎብኚነት የሚተዳደር በመሆኑ ሥራ በሌለበት ሳምንት ቤተሰቡን ይዞ ለመውጣት ቃል ገብቶ ኖሮ ቃሉን ጠበቀ። እናት፣ አባትና ልጅ ከጣራው ድንኳን ላይ፣ አጎት ከመኪናው ውስጥ፣ እኔ ደግሞ ከጎናቸው መሬት ላይ በምትተከል አነስተኛ ድንኳን እንድናድር ተስማማን።

በአዳማና በአሰላ በኩል ያለው መንገድ በኅዳር ወር ለዓይን የሚያጠግብ ነው። በአርሲ ሜዳዎች ስንዴው ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ቆሞ ነበር። ዶዶላንና አዳባን አልፈን ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ዲንሾ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ከተማ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለው በመሆኑ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በኮሶና በጥድ ዛፎች መካከል የደጋ አጋዘን እንደ ቤት ከብት ተረጋግቶ ሲግጥ የተመለከተችው ልጅ ድካሟን ረስታ ትጮህ ጀመር። እናቷ ግን የምታስበው ስለ ሌሊቱ ነበር። ስለሆነም የድንኳኑን መስኮቶች በሙሉ እስከ ጥግ ድረስ በዚፕ ዘግታ፣ ከፍራሹ ሥር እንዲያግዝ ብላ ከቤት ያመጣችውን ወፍራም ላስቲክ አንጥፋ፣ ልጅቱን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልላ አስተኛቻት። የትኛዋም አሳቢ እናት ይህንኑ ታደርግ ነበር።

ሲነጋ ከላይ ለቅሶ ተሰማ። እናትየዋ አልጋውን ለማንሳት ፍራሹን ገለጥ ስታደርግ ልጅቱ በተኛችበት በኩል ሥሩ ርሷል። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜሽ!» አለቻት። ልጅቱ «እማዬ፣ አልሸናሁም» እያለች ታለቅሳለች። አባት በበኩሉ ሸራው ቀዳዳ ይኖረዋል ብሎ ስፌቱን መፈተሽ ያዘ። አጎት ደግሞ ድንኳኔ በክረምት እንኳን አፍስሶ አያውቅም፣ ደግሞም ማታ ጠብታ ዝናብ አልዘነበም ብሎ ተቆጣ። በዚህ ጭቅጭቅ መሐል እናትየዋ ፍራሹን ጨርሳ ስታነሳው እርጥበቱ በልጅቱ በኩል ብቻ አለመሆኑ ታየ። አባት በተኛበት ከጀርባውና ከዳሌው ሥር፣ በእሷም በኩል እንደዚሁ፣ የሦስት ሰው ቅርጽ ያህል ላስቲኩ ላይ ውሃ አቁሮ ነበር። ሽታም የለውም። ልጅቱን ጎትታ አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት። ልጅቱ ግን ወዲያው አልተጽናናችም፤ ቁርስ እስኪቀርብ ድረስ ከአጎቷ ሥር አልወጣችም። ከማኩረፏም በላይ ሳሏ ከወትሮው ጠንከር ብሎ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ውሃ ከየት መጣ? መልሱ ከራሳቸው ነው የሚል ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ተኝቶ በሚያድርበት ሌሊት ከትንፋሹና ከቆዳው በማይታይ መንገድ አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ውሃ ይወጣል። ይህም ሳያልበው ነው። ሦስት ሰው በተኛበት ጠባብ ድንኳን ውስጥ ታዲያ ከሁለት ብርጭቆ የማያንስ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይሰራጫል ማለት ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ሊሸከም ይችላል። ያው አየር እስከ ዜሮ ዲግሪ ከቀዘቀዘ ግን የሚይዘው 5 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ የቀረውን ቀዝቃዛ ነገር ባገኘበት ላይ ያራግፈዋል። በቀዝቃዛ ጠዋት የመስኮት መስተዋት የሚያልበው፣ የድስት ክዳንም ውሃ የሚያንጠባጥበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሰው ገላ የሚወጣው ሞቃት እንፋሎት በከፊል ወደ ታች፣ በስፖንጁ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰርጋል። ከሥር የሚጠብቀው ደግሞ ከኮምፔንሳቶ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ስስ ወለል ነው። መሬት ላይ የተተከለ ድንኳን ሥሩ አፈር ነው፤ አፈር የቀኑን ሙቀት በመጠኑ አቆይቶ ያድራል። የመኪናው ጣራ ድንኳን ወለል ግን ከላይም ከታችም የሌሊቱ ብርድ ያገኘዋል፤ ነፋስ ከሥሩ እየተመላለሰ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። መውጫም ስለሌለው በፍራሹና በወለሉ መካከል ታፍኖ ያድራል። ሰውነት በከበደበት ቦታ ስፖንጁ ስለሚታመቅ እርጥበቱ የሚብሰው እዚያው ነው። እናትየዋ ያነጠፈችው ላስቲክም ከውጭ የሚመጣ እርጥበት ቢኖር ይከላከል ነበር። የመጣው ግን ከውስጥ ስለሆነ ውሃውን ሰብስቦ ለፍራሹ መልሶ ከማጠጣት ሌላ ያደረገው ነገር የለም። የእኔ ድንኳን መሬት ላይ ስለነበረና ማንም ስለማይገባበት አንደኛውን በር በመረቡ ብቻ ዘግቼው አድሬ ነበር፤ ፍራሼ ከሥሩ ቀዝቀዝ ከማለቱ በቀር አልራሰም።

አባትየው ፍራሹን ለማድረቅ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ ገና ፍም አለው፤ ወደ ድንኳኑ ለጥቂት ጊዜ ቢገባና ቢዘጋ ፍራሹ ይደርቃል፣ ዛሬ ማታም ልጅቱ ሳትተኛ በፊት ይሞቅላታል አለ። ካምፑን የሚጠብቁት አዛውንት ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «ልጄ፣ ፍም ይዞ የተኛ ሰው ተነስቶ አይናገርም፤ ይኸ ቀልድ አይደለም» አሉት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። የሽማግሌው ንግግር አጭር ቢሆንም ሳይንሱ የሚለውም ይኸው ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጢሱ ስላለቀ ፍሙ ደህና ነው የሚለው እምነት ብዙ ቤት አዘግቷል። ጋዙ ከደም ጋር ተዋሕዶ ኦክሲጅን እንዳይዘዋወር ያግዳል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ድንኳን ሸራ ስለሆነ አየር ያስገባል ማለትም አያዋጣም፤ የእርጥበት መከላከያ የተቀባ ሸራ በብርድ ሌሊት ተዘግቶ ሲያድር ከተዘጋ ክፍል አይለይም። በዚህ ጉዳይ ላይ «ለጥቂት ደቂቃ» የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም።

በማግስቱ ከጎባ ከተማ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወስደውን ዳገት ያዝን። ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ ሰማይና ሣር ብቻ የሚታይበት፣ ጅብራ እንደ ዘበኛ እዚህም እዚያም ቆሞ የሚገኝበት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ፍልፈል ስትጠብቅ አየን፤ መኪናችንን ቀና ብላ ተመልክታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዓለም ላይ በዚህ አውራጃ ብቻ የሚገኘው ይህ ትልቅ ፍልፈል ዋነኛ ምግቧ ነው። ይህን ሁሉ በዝርዝር መጻፍ በተገባ፤ ነገር ግን የዛሬው ጉዳያችን ፍራሽ ነው።

ጠዋት ከዲንሾ ስንነሳ አጎት ድንኳኑን ፍራሹ ውስጡ እንዳለ አጣጥፎ ሊዘጋው ሲል ወይዘሮዋ ከለከለችው። እርጥብ ፍራሽ ታጥፎ፣ ላዩ ላይ ላስቲክ ሸራ ተጭኖበት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየሞቀው መጓዝ ማለት ሻጋታን በእንግድነት መጥራት ነው። ሻጋታ የራሰ ነገር ካገኘ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ መብቀል ይጀምራል። ስለዚህ ፍራሹ ለብቻው ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ ተጫነ፤ ልጅቱና እኔ ተደግፈነው ሄድን። የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ከሆነው ከ4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ መኪናው እስከ ራሱ ጫፍ ድረስ ይወጣል። እዚያም ቀትር ላይ ፍራሹ ከመኪናው ሞተር ክዳን ላይ ተዘረጋ። አባት በአንድ ጫፍ፣ አጎት በሌላው ጫፍ ነፋስ እንዳይወስደው ይዘው ቆሙ። ሁለት ወንዶች በአገራችን ከታወቁት ተራሮች በአንዱ ጫፍ ላይ ፍራሽ ይዘው ሲቆሙ ማየት ደስ የሚል ነገር ነው፤ መኪና የሚነዳ ወንድ ስለ ጎማና ስለ ዘይት እንጂ ስለ መኝታ መጠየቅ የማይገባው የሚመስለው ብዙ ነውና። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐይዋም ብርቱ ስለሆነች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የስፖንጁ ገጽ ደረቀ። ውስጡ እንዲደርቅ ግን ሁለቱንም ፊት እያገላበጡ ከዚያ በላይ መጠበቅ አስፈልጓል። ስፖንጅ ላዩ ደርቆ ሆዱ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል በመዳፍ ጫን ብሎ ቅዝቃዜውን መፈተሽ ይገባል።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወርዱ አገሩ በቅጽበት ይለወጣል። ቁልቁለቱ ሪራ ወደምትባለው መንደር፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ ሐረና ደን ያደርሳል። ከደቡብ የሚመጣው ደመና ተራራውን ታክኮ እየወጣ ዛፎቹን ይሸፍናል፤ ግንዶቹ በሙሉ በሽበት ተሸፍነዋል። የዱር ቡናና ማር የሚገኝበት ይህ ደን ለምለም የሆነው በዚህ እርጥበት ነው፤ ለፍራሽ ግን አስቸጋሪ ነው። በዲንሾ ሌሊቱ ቢበርድም ረፋድ ላይ ፀሐይ ይኖራል። በሐረና ብርዱ ቀለል ቢልም ጠዋት የሚያደርቅ ነገር የለም።

የመፍትሔው ግማሽ የተገኘው በሪራ ነው። መንደሯ በቀርከሃ የተከበበች ስትሆን የብዙ ቤት ግድግዳ ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ሻይ ለመጠጣት ከገባንበት ቤት አንዲት እናት የሚተኙበትን መደብ አሳዩን። መደቡ ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ተደርድሯል፤ ከእሱ በላይ ቁርበት፣ ከቁርበቱ በላይ ፍራሽ አለ። ወይዘሮዋ በአጎት አስተርጓሚነት «አዴ፣ ፍራሹ በቀጥታ መደቡ ላይ ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ሳቁና በኦሮምኛ መለሱ፤ ትርጉሙም «ይተነፍስ እንጂ! ያልተነፈሰ ነገር ይበሰብሳል» የሚል ነበር። ከዚያም ልጃቸው በድንኳኑ ወለል ልክ ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ጫፍ ጫፉን ሸራ እንዳይቀድ በቢላዋ አለስልሶ፣ እንደ ሰሌን እንዲጠቀለል በሁለት በኩል በገመድ አያይዞ ሰጠን። ዋጋውን ወይዘሮዋ ራሷ ተከራክራ ከፈለች።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ። የጠፍር አልጋ ማለት ሌላ ምን ነው? በእንጨት ፍሬም ላይ ጠፍር እየተወጠረ ሲጠላለፍ በየመካከሉ ክፍተት ይቀራል፤ ከሥሩም እግሮቹ ከመሬት ስለሚያነሱት አየር ይመላለሳል። አያቶቻችን ስለ እንፋሎት በትምህርት ቤት አልተማሩም፤ ጠዋት ጠዋት ግን አጎዛውን አራግፈው፣ ቁርበቱን አጥር ላይ ሰቅለው ፀሐይ ያስመቱ ነበር። በውጭ አገር ለመኪና ጣራ ድንኳን ተብሎ የሚሸጠውና እንደ ጥልፍልፍ ክር የተሠራው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወፍር የፕላስቲክ ምንጣፍም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። ፍራሹን ከወለሉ ለይቶ በመካከሉ አየር ያሳልፋል። ዋናው ነገር ክፍተቱ ነው፤ ዕቃው ቀርከሃም፣ እንጨትም፣ ፕላስቲክም ቢሆን ለውጥ የለውም።

በዚያ ምሽት በሐረና ደን ውስጥ በሚገኘው የካቻ ካምፕ ስናድር ቀርከሃው ከወለሉ ላይ ተነጠፈ። ላስቲኩ ተነስቶ መኪና ውስጥ ቀረ። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ከላይ በኩል አራት ጣት ያህል ተከፍተው፣ መረባቸው ብቻ ተዘጋ። እናትየዋ ይህን ያደረገችው ሆዷ እየፈራ ነው፤ ለአስመኛ ልጅ ነፋስ ጠላት ነው ተብሎ ያልተነገራት ጊዜ የለምና። ሆኖም ልጅቱን ኮፍያ አድርጋ፣ ጆሮዋን ሸፍና፣ ነፋሱ በፊቷ በኩል እንዳይመጣ ወደ መሐል አስተኛቻት። ብርድን በልብስ መከላከል ይቻላል፤ የታፈነ እርጥበትን ግን በብርድ ልብስ መከላከል አይቻልም። እርጥብ ልብስና ጫማም ውጭ፣ መሰላሉ ሥር በከረጢት ተቀመጠ። ሻይ በድንኳን ውስጥ ማፍላት ቀርቶ ፔርሙዝ እንኳን ተከፍቶ አላደረም።

ሲነጋ ወይዘሮዋ ማንንም ሳትቀሰቅስ እጇን ከፍራሹ ሥር ሰደደች። የፍራሹ ሥር ደረቅ ነው፤ ቀርከሃው ቀዝቅዟል፤ ከቀርከሃው ሥር ያለው ወለል ግን አሁንም ወዝቷል። ይኸም የሚጠበቅ ነው፤ ክፍተቱ እንፋሎቱ ውሃ እንዳይሆን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፣ ውሃውን ከፍራሹ ያርቃል እንጂ። ስለዚህ ጠዋት ፍራሹን አንስቶ ወለሉን በደረቅ ጨርቅ መወልወል የግድ ነው። ከሁለት ደቂቃ የሚበልጥ ሥራ አይደለም። ልጅቱ ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው «እማዬ፣ ዛሬስ?» የሚል ነበር። «ደረቅ ነው፣ የእኔ እመቤት» ተባለች።

አንባቢዎቼ የጣራ ድንኳን የሌላት ሴት ይህ ሁሉ ምን ያደርግላታል ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እኔም በጉዞው መመለሻ ላይ ያሰላሰልኩት ይህንኑ ነበር። በከተማችን በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ቤተሰብ ስንት ነው? ልጆች የሚተኙት በሲሚንቶ ወለል ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ በዚያ ላይ በሚዘረጋ የስፖንጅ ፍራሽ ነው። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ፣ ፕላስቲኩ የማያስተነፍስ፣ ስፖንጁ እንፋሎት የሚያሳልፍ ነው። ከመኪናው ጣራ በምን ይለያል? በክረምት ወራት ፍራሹን አንስታችሁ ሥሩን ብትመለከቱ ጥቁር ነጠብጣብ ልታገኙ ትችላላችሁ። ይህን የምትመለከት እናት ልጄ ሽንቱን ይለቃል፣ ወይም ወለሉ ውሃ ያፈልቃል ትላለች። አንዳንድ ጊዜ ወለሉ በእውነት እርጥበት ያመጣ ይሆናል። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ከወለሉ ላይ ክንድ በክንድ የሆነ የላስቲክ ቁራጭ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ፣ ማንም ሳይተኛበት አንድ ሁለት ቀን መተው ነው። ከላስቲኩ ሥር ውሃ ከተገኘ እርጥበቱ ከመሬት ነው፤ ሥሩ ደረቅ ሆኖ ፍራሹ ብቻ የሚርስ ከሆነ ግን ከተኛው ሰው ነው።

ሠራተኛ እናት ከንጋቱ በፊት ተነስታ፣ ልጅ አስነስታ፣ ቁርስ አድርሳ የምትወጣ ስለሆነች አልጋውን ቶሎ አንጥፋ፣ አልጋ ልብሱን ወጥራ መሄድን እንደ ሥርዓት ትቆጥረዋለች። ያልተነጠፈ አልጋ ትቶ መውጣት ነውር ነው ተብለን አድገናልና። ነገር ግን የሌሊቱ እንፋሎት ገና ከፍራሹ ሳይወጣ በብርድ ልብስና በአልጋ ልብስ መሸፈን ማታ ለተመላሹ እርጥብ መኝታ ማዘጋጀት ነው። ከመውጣት በፊት ፍራሹን አንስቶ ከግድግዳ ላይ በጎኑ ማስደገፍ፣ የተኛበትን ፊት ሳይሆን ሥሩን ወደ መስኮት ማዞር ይሻላል። እንግዳ ቢመጣስ? ይምጣ። የቆመ ፍራሽ ማንንም አላሳፈረም።

ከፍራሹ ሥር የሚሆነውን ርብራብ ለመሥራትም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የቲማቲም ሣጥን እንጨት ምስማሩ ተነቅሎ፣ ሁለት ጣት ያህል እየተራራቀ በሁለት አግዳሚ ላይ ቢመታ ለልጅ ፍራሽ ይበቃል። ፍራሹ ከውጭ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ማድረግ ይገባል፤ ቀዝቃዛ ግድግዳም እንደ ቀዝቃዛ ወለል ያልበዋልና። ሽንቱን ለሚለቅ ሕፃን ላስቲክ የሚነጠፈው ከፍራሹ በላይ፣ ከወፍራም አንሶላ በታች ነው፤ ጠዋትም ይነሳል። ከፍራሹ ሥር የሚደረግ ላስቲክ ለማንም አይጠቅምም።

የሻገተውን በተመለከተ፣ ጨርቁ ላይ ብቻ የታየ ሻጋታ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይጠፋል። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳምባን ያቃጥላል። ውስጡ ድረስ የጠቆረ ስፖንጅ ግን በማጠብ አይድንም። ፍራሽ መቀየር ቀላል ወጪ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አስም ያለበት ልጅ በእንዲህ ያለ ፍራሽ ላይ እንዲተኛ ማድረግ አይገባም፤ ሻጋታውም፣ እርጥበት የሚያራባቸው በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮችም ሳሉን ይቀሰቅሱበታልና። ከቤተሰቡ አዋቂዎች ጋር መኝታ ማለዋወጥ ጊዜያዊ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። በክረምት ልብስ ለማድረቅ ወይም ክፍል ለማሞቅ ምድጃ ይዞ በር ዘግቶ ስለመተኛት የዲንሾው አዛውንት የተናገሩት ይበቃል።

ከሐረና የተመለስነው ዝናብ እየመታን ስለነበር ድንኳኑ እንደራሰ ታጥፎ አዲስ አበባ ገባ። አማራጭ አልነበረም። በማግስቱ እሑድ ረፋድ ላይ ግን በአጎት ግቢ መኪናው እንደቆመ ድንኳኑ ተከፍቶ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ተገልጠው፣ ፍራሹ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ማታ ቆየ። የቀርከሃው ርብራብ ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም፤ አሁን ያለው ልጅቱ ከምትተኛበት ፍራሽ ሥር ነው። አጎት ደግሞ በሚቀጥለው ወደ ሪራ ሲሄድ ለራሱ ሌላ እንዲያሠራ ተነግሮታል።